በግዴታ የሚሰበሰብ የጤና መድን መዋጮ ለሕክምና ሰጪውም በግዴታ ይከፈል

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳዮችን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ መንግሥት በጤና መድን ውስጥ ስለሚኖረው ድርሻና ስለ ክፍያ ግዴታው

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሙያዬ ፋርማሲስት፣ ለዓመታት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠራተኛ የነበርኩ፣ ዛሬ ደግሞ ጥቂት ሠራተኞችን ቀጥሬ አንድ አነስተኛ መድኃኒት ቤት የማስተዳድር ዜጋ ነኝ። ስለ ጤና መድን የምናገረው እንግዲህ በሦስት ወገን ሆኜ ነው፤ የሐኪም ማዘዣ ስቀበል እንደ ባለሙያ፣ የሠራተኞቼን የጡረታ መዋጮ በየወሩ ስከፍል እንደ አሠሪ፣ ወላጆቼ በገጠር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት በመሆናቸው ደግሞ እንደ ቤተሰብ።

መንግሥት በጤና መድንና በንግዱ ሥራ ውስጥ እጁን እስከ የት ድረስ ያስገባ የሚለው ክርክር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ለጤና መድን የሚቆረጥ የደመወዝ ተቀናሽ ወሬ በተነሣ ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይጋጋላል። አንዱ ወገን መድን የመድን ኩባንያዎች ሥራ ስለሆነ መንግሥት ከነጋዴው ገቢና ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እጁን ያንሣ ይላል። ሌላው ወገን ጤና መብት ስለሆነ ሁሉንም መንግሥት ይሸፍን፣ ለትርፍ የሚሠራ ሁሉ ከዚህ ይራቅ ይላል። እኔ መንግሥት መግባት አለበት ከሚሉት ነኝ፤ ምክንያቴንም እገልጻለሁ። ሆኖም ዜጋውን አስገድዶ አስቀድሞ የሚያስከፍል መንግሥት ራሱንም በዚያው ልክ በግዴታ ማሰር ይኖርበታል ብዬ አምናለሁ። አገልግሎቱን ለሰጠው ተቋም በተወሰነ ቀን መክፈልን የሚያስገድድ፣ ያልከፈለውንም ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ እስካልኖረ ድረስ አባሉ በሚያዋጣው ገንዘብ የሚተማመንበት ነገር የለውም። የደብዳቤዬ ዋና ጥያቄ ይኸው አንዱ ነው።

በቅድሚያ መንግሥት ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። የጤና መድን ለፈቃደኞች ብቻ ሲተው ቀድሞ የሚመዘገበው ሕመም ያለበት ሰው ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ በቤቱ የአልጋ ቁራኛ የሆነ አዛውንት ያለው ሰው ገንዘቡን ይዞ ይመጣል፤ ጤነኛው ወጣት ግን ለከርሞ ይለዋል። ታካሚው በዝቶ አዋጪው ሲያንስ መዋጮው ይወደዳል፤ መዋጮው ሲወደድም ከቀሩት መካከል ጤነኞቹ ይወጣሉ። የግል ኩባንያ ይህን ስጋት የሚከላከልበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ወይ ሕመምተኛውን አይቀበለውም፣ ወይም ቀድሞ የነበረበትን ሕመም ከውሉ ያስወጣዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ይህን አሠራር እስኪከለክል ድረስ፣ በዚያች ባለጸጋ አገር እንኳ ነባር ሕመም ያለበት ሰው በራሱ ገንዘብ መድን ለመግዛት ፈልጎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። የመድን ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ከቆመ በኋላ፣ ዘርፉ በአዋጅ ቁጥር 86/1986 እንደገና ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የተቋቋሙት ድርጅቶች ትልቁን ገቢያቸውን የሚያገኙት ከተሽከርካሪ መድን ነው፤ የጤና መድን ሲሸጡም በአመዛኙ የደመወዝ መዝገብ ላላቸው መሥሪያ ቤቶች በቡድን ነው። በዚህ አልወቅሳቸውም። ገንዘብ በእጁ የሚገባው አዝመራው ሲሰበሰብ ብቻ የሆነን፣ ሕመሙ በሐኪም መዝገብ ያልተጻፈን፣ መንገድ በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖርን ገበሬ እየዞሩ መድን መሸጥ ወጪውን እንኳ አይመልስላቸውም። ስለዚህ መንግሥት ይውጣ የሚለው ሐሳብ በተግባር ሲተረጎም አብዛኛው ሕዝብ ያለ መድን ይቅር ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሞላው ይህን ባዶ ቦታ ነው። ያኔ አንድ አባወራ ለመላው ቤተሰቡ በዓመት የሚከፍለው እንደየክልሉ ከ126 እስከ 180 ብር ነበር። ምንም ለሌላቸው ድሆች ክልሉና ወረዳው መዋጮውን ይከፍሉላቸዋል፤ የፌዴራል መንግሥትም በተሰበሰበው ላይ ድጎማ ይጨምራል። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት የዚህን ውጤት በዓይኔ አይቻለሁ። ቀድሞ በሬ ወይም በግ ሸጦ፣ አለዚያም ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሕመሙ ከጠናበት በኋላ ብቻ የሚደርስ ሰው፣ የመድን አባልነት ደብተሩን ይዞ ገና ትኩሳቱ ሲጀምረው መምጣት ጀመረ። ልጇን በጊዜ ያሳከመች እናት፣ ለሳምባ ምች የሚሆነውን መድኃኒት ሳትከፍል ይዛ ስትወጣ ያየ ሰው መንግሥት በዚህ ሥራ ምን አገባው ሊል አይችልም። ይህን ጅማሮ የመሩትን ባለሙያዎች፣ በተለይም ቤት ለቤት እየዞሩ ያስመዘገቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከልብ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዛሬ በመድኃኒት ቤቴ መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ማዘዣ የመድን አባላት ማዘዣ ነው። በጤና ተቋሙ መድኃኒቱ እንደሌለ የሚገልጽ ማኅተም ያርፍበታል፤ አባሉም ከውጭ ግዛ ይባላል። ከውጭ የሚገዛውም ብርቅ መድኃኒት አይደለም፤ ለደም ግፊት አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል፣ ለስኳር ሜትፎርሚን፣ አንዳንድ ጊዜም ኢንሱሊን ነው፤ ማለትም አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ የሚያስፈልገው። መዋጮውን በዓመቱ መጀመሪያ ከፍሏል፤ መድኃኒቱን ደግሞ እንደገና ከኪሱ ይገዛል። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ60 ብር በታች ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ሸክሙ በርትቷል። ግማሹን ስጠኝ፣ የቀረውን ወር ሲሞላ እወስዳለሁ የሚለኝ የደም ግፊት ታካሚ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ነገ በስትሮክ ወይም በኩላሊት መድከም ተመልሶ እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ያኔ ለመድን ፈንዱ የሚያስከትለው ወጪ ዛሬ ካልተከፈለለት ኪኒን ጋር የሚነጻጸር አይሆንም።

መድኃኒቱ ለምን ጠፋ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በዕዳ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ አባሉን ያለ ክፍያ ያክማል፤ የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ በየሩብ ዓመቱ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው ይመረመራል፣ ይጓተታል፤ መዋጮው ካልበቃም ድጎማው እስኪመጣ ይጠበቃል። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀውን የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ተከትሎ ጤና ተቋማት የውስጥ ገቢያቸውን ይዘው ለመድኃኒትና ለመሣሪያ እንዲያውሉት ተፈቅዶላቸዋል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አባላቱ በበዙ ቁጥር ግን ቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ይገባ የነበረው ገቢ በወረቀት ላይ ወዳለ፣ ገና ወዳልተከፈለ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይለወጣል። ተቋሙ ከመድኑ ያልተከፈለውን ያህል ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሳይከፍል ይቀራል፤ አቅራቢው በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚሠራ በመሆኑ ካልተከፈለው ቀጣዩን ግዢ በሙሉ አቅሙ አይፈጽምም። መጨረሻ ላይ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ አባሉም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ በቀጣዩ ዓመትም ደብተሩን ላለማሳደስ ያመነታል። ከዚያ የቀበሌው አመራር እንዲያስመዘግብ የተሰጠውን ቁጥር ለመሙላት ግፊት ያደርጋል፤ በአንዳንድ አካባቢ ለሌላ ጉዳይ ቀበሌ ሲሄዱ አስቀድሞ የመድን ደብተር እንደሚጠየቁ ደንበኞቼ ይነግሩኛል። አገልግሎቱ ቢሟላ ኖሮ ሰው ራሱ ወረፋ ይዞ የሚያሳድሰውን ደብተር በዚህ መንገድ ማሳደስ ፕሮግራሙን ከሕዝብ ጋር ያቃቅረዋል።

በዚህ ሰንሰለት ላይ ያሉትን ተቋማት አንድ በአንድ ስንመለከት ችግሩ ከአንድ ኃላፊ ስንፍና የመጣ እንዳልሆነ እንረዳለን። ጤና ጣቢያው የወረዳው ነው። መድኑን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞቹ የወረዳው ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ቦርዱንም የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። ከፍ ስንል የጤና መድን አገልግሎቱም፣ የመድኃኒት አቅራቢውም፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑም ተጠሪነታቸው ለጤና ሚኒስቴር ነው። ከፋዩ፣ ሻጩና ተቆጣጣሪው አንድ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ማን ማንን ይጠይቃል? ጤና ጣቢያው ክፍያ ዘገየብኝ ብሎ የራሱን አለቃ አይከስም፤ መድኑም የከፈልኩበት መድኃኒት የት አለ ብሎ የገዛ ወረዳውን ጤና ተቋም ውል አያቋርጥም። እድር እንኳ ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ለይቶ ይመርጣል፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበባል። ማኅበረሰብ አቀፍ የተባለው መድን ሲጠነሰስ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ እንዲኖራቸው ታስቦ ነበር፤ ዛሬ ስንት ቀበሌ ውስጥ ጉባኤው ተጠርቶ ዓመታዊው ገቢና ወጪ ለአባሉ እንደተነበበለት ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ የሚያስደስት አይሆንም።

የግል መድን ድርጅት በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር መሆኑን አስቡ። መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲይዝ፣ በውጭ ኦዲተር እንዲመረመር፣ የሒሳብ መግለጫውን በየዓመቱ እንዲያወጣ ይገደዳል፤ ካሳ አልከፍልም ካለም ፍርድ ቤት ይቆማል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ድሆች መዋጮ የሚሰበስበው የመንግሥት መድን ከዚህ ያነሰ ግዴታ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ማኅበራዊ ጤና መድን፣ ማለትም መደበኛ ደመወዝ ስላላቸው ሠራተኞች ጉዳይ፣ እንደ አሠሪ የማስበውን ልንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ በ2005 ዓ.ም. ደንቡ ሲከተል፣ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ፣ ከጡረተኛው ደግሞ 1 በመቶ እንዲዋጣ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ትግበራው ደጋግሞ ተራዝሟል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ደመወዟ 10,000 ብር የሆነ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ 700 ብር ለጡረታ ትከፍላለች፤ እኔ በእሷ ስም 1,100 ብር እጨምራለሁ። የጤና መድኑ ሲመጣ በሁለታችንም ላይ 300 ብር ይታከላል፤ ይህ ከእሷ የገቢ ግብር ውጭ ነው። ትልቅ ድርጅት ይህን በቀላሉ ይሸከመው ይሆናል። ሦስትና አራት ሰው ለሚቀጥር መድኃኒት ቤት፣ ጋራዥ ወይም ዳቦ ቤት ግን ሌላ ሰው ለመቅጠር የሚያስበውን ዕቅድ የሚያዘገይ ወጪ ነው፤ የቀጠረውን ሰው በመዝገብ ሳያሰፍር እንዲያሠራ የሚፈትነውም እንዲህ ያለው ጫና ነው።

እንዲያም ሆኖ 3 በመቶውን ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ። ሠራተኛዬ ስትታመም ወይም ልጇ ሆስፒታል ሲተኛ ብድር የምትጠይቀው እኔን ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿም ያዋጡላታል። ይህን ወጪ ዛሬም በተዘበራረቀ መንገድ እየከፈልነው ነው። በሥርዓት ብንከፍለው፣ ለሁላችንም ቢከፋፈል፣ ለእሷም ልመና ሳይሆን መብት ቢሆንላት እመርጣለሁ። ነገር ግን ይህን ገንዘብ ከሰጠን በኋላ ሠራተኛዬ የምታገኘው ያው መድኃኒት የለም የሚል ማኅተም ከሆነ ምን ብዬ ላስረዳት እችላለሁ? መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ተቀናሹን ሲቃወሙ የመድንን ጥቅም ስላልተረዱ ነው የሚል አስተያየት ከባለሥልጣናት ሲነገር ሰምቻለሁ። አልስማማበትም። መምህሩ ገጠር ያሉ ዘመዶቹ በደብተራቸው ምን እንዳገኙና ምን እንዳጡ ያውቃል፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ከትንሽ ደመወዙ የሚቆረጠው ገንዘብ ምን እንደሚመልስለት ማወቅ መፈለጉ ተገቢ ነው። መሥሪያ ቤታቸው በግል ሆስፒታል የሚያሳክማቸው የባንክና የአንዳንድ ድርጅት ሠራተኞችም አሁን ያላቸውን የተሻለ አገልግሎት እንዳያጡ መስጋታቸው ከራስ ወዳድነት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ለእነዚህ ሰዎች የአሠሪያቸው ሽፋን ከማኅበራዊ መድኑ በላይ በተጨማሪነት እንደሚቀጥል በግልጽ ቢነገራቸው ግማሹ ተቃውሞ ይረግባል።

ሁሉም ነገር ከግብር ይሸፈን የሚሉትን ወገኖች አከብራለሁ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በዚህ መንገድ ሄዳለች፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል፤ የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገብተዋል። ክትባት፣ ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ዛሬ በነጻ የሚሰጡት በዚሁ መንፈስ ነው፤ በነጻ መቀጠልም አለባቸው። የቀረውን ግን በጀት ብቻውን ይሸከማል ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ገንዘብ ሲያጥር ከሚቀነሱት መስመሮች አንዱ የመድኃኒት ግዢ መሆኑን በመንግሥት ተቋም የሠራ ሁሉ ያውቃል። የመድን ፈንድ ብልጫው ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተዋጣና ባለቤት ያለው ገንዘብ መሆኑ ነው። ይህ ብልጫ የሚጸናው ግን ፈንዱ ከወረዳው ካዝና በእውነት ሲለይ ነው።

ከጎረቤቶቻችንና ከአህጉራችን ልምድ የምንማረው አለ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ብሔራዊ የጤና መድን ሕጓን ስታወጣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር በተመሳሳይ መንገድ የሚሰበሰብ 2.5 በመቶ መደበች፤ ከሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ድርሻ ጨመረች። የገንዘብ ምንጩ አስተማማኝ ነበር። ይሁንና የተሰበሰበው ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና ወደ መድኑ ሲዘገይ፣ መድኑም ለሆስፒታሎችና ለመድኃኒት ቤቶች ሲያዘገይ፣ አባላት ካርድ ይዘው በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍሉ የተጠየቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ነባሩን የሆስፒታል መድን ፈንድ በአዲስ ባለሥልጣን ተክታ ከደመወዝ 2.75 በመቶ መቁረጥ ስትጀምር፣ ከአሮጌው ፈንድ የተወረሰው ያልተከፈለ ዕዳ አዲሱንም ከግል ሆስፒታሎች ጋር አጋጨው። ሩዋንዳ ደግሞ በየመንደሩ የጀመረችውን የጋራ መድን እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ለሁሉም ግዴታ ካደረገች በኋላ፣ በ2015 አስተዳደሩን ከጤናው መዋቅር አውጥታ ጡረታን ለሚያስተዳድረው የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ ሰጠች። ከሦስቱ የሩዋንዳው እርምጃ ለእኛ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ገንዘቡን የሚይዘው አካል ሕክምናውን ከሚሰጠው አካል ተለየ። አገራችንም በጡረታ ፈንድ አስተዳደር የዳበረ ልምድ ያለው መዋቅር አላት።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያና ከሁሉ በላይ፣ የመድኑ ጽሕፈት ቤት በአግባቡ የቀረበለትን የክፍያ ጥያቄ መርምሮ የሚከፍልበት ቁርጥ ያለ ቀነ ገደብ በሕግ ይደንገግ። እኔ 60 ቀን በቂ ይመስለኛል፤ ባለሙያዎቻችሁ ሌላ ቁጥር ቢመርጡም ቁጥሩ በሕግ ይጻፍ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ወለድ ይታሰብበት፤ ድጎማውን የሚለቅቀው አካል ካዘገየም ወለዱን እሱ ይሸከም። ግብር ከፋዩ ነጋዴ ቀኑን ሲያሳልፍ ቅጣትና ወለድ ይከፍላል፤ የጡረታ መዋጮ ያዘገየ አሠሪም እንዲሁ። ይኸው ሥርዓት ወደ መንግሥትም ቢዞር የመንግሥትን ክብር የሚነካ አይደለም፤ ሕዝቡ በመድኑ ላይ እምነት የሚጥልበት መሠረት ይሆናል እንጂ።

ቀጥሎ፣ በጤና ተቋሙ መድኃኒት ሲጠፋ ማዘዣው ከነሸክሙ ወደ ታካሚው እንዳይመለስ ይደረግ። መድኑ ከከነማና ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ጋር፣ እነሱ በሌሉበት ከተማ ደግሞ መስፈርቱን ከሚያሟሉ የግል መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ይግባ፤ የመሠረታዊ መድኃኒቶችን ዋጋ አስቀድሞ ወስኖ ይፋ ያድርግ፤ አባሉ ደብተሩን አሳይቶ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ሒሳቡ በመድኑና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ይዘጋ። የግል መድኃኒት ቤት ባለቤት ስለሆንኩ ይህ ጥቅሜን ለማስከበር የቀረበ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬ መደርደሪያው ባዶ በመሆኑ ያ ታካሚ በጥሬ ገንዘብ፣ እኔ በተመንኩት ዋጋ ከእኔ ይገዛል። በውል ብሠራ ትርፌ ያንሳል፤ ክፍያውም በዱቤ ይሆናል። እንደ ነጋዴ የምቀበለው ግን ክፍያው በቀኑ እንደሚደርስ ሕግ ካረጋገጠልኝ ብቻ ነው፤ ብዙ ባልደረቦቼም ከመድን ጋር ውል ለመግባት የሚፈሩት ዋጋውን ሳይሆን መዘግየቱን ነው።

የግል ተቋም ከገባ የሐሰት ማዘዣና የተጋነነ ሒሳብ ይበዛል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ስጋቱ መሠረት አለው። መፍትሔው ግን በእጃችሁ ነው። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኤፒቲኤስ የተባለው የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት አሠራር፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጋዘን እስከ ታካሚው እጅ በደረሰኝ እንዲታወቅና ኦዲት ሊደረግ እንዲችል አድርጓል። በአገራችን ፋርማሲስቶች ታስቦ በአገራችን ተቋም የተፈተነ ሥራ ነው፤ በዚህ ሁሌም እኮራለሁ። ከመድኑ ጋር ውል የሚገባ የግል መድኃኒት ቤት ሁሉ ይህንኑ መዝገብ እንዲይዝ ግዴታ ይደረግ፤ አጭበርብሮ የተገኘም ፈቃዱን ይነጠቅ።

የፈንዱ ሒሳብ ከወረዳው አስተዳደር ሒሳብ ይለይ፤ በየዓመቱም በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ውጤቱ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ በጉባኤም ይነበብ።

የደመወዝ ተቀናሹን በተመለከተ፣ ከላይ የጠየቅኩት የክፍያ ሕግ ወጥቶ በነባሩ የማኅበረሰብ አቀፍ መድን ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሲሠራበት ከታየ በኋላ ብቻ እንዲጀመር እጠይቃለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሠራተኛው ገና በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ ይቆርጣል፤ ያንን እምነት መልሶ ለመገንባት ከዚህ ቀደም ከጠፋው የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ለአነስተኛ አሠሪዎችም የአሠሪው ድርሻ ከ1 በመቶ ጀምሮ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ቢደረግ ሰውን ከመዝገብ ማውጣት ሳያስፈልግ ልንለምደው እንችላለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ዘላቂ የኩላሊት እጥበት ከመድኑ ሽፋን ውጭ ነው። ወጪው ከባድ መሆኑን፣ ዛሬ በሙሉ ይሸፈን ቢባል ፈንዱን እንደሚያናጋው እረዳለሁ፤ አሁን ይጀመር ብዬም አልጠይቅም። ይሁንና ገንዘባቸውን ጨርሰው በየመንገዱና በየማኅበራዊ ሚዲያው ርዳታ የሚለምኑ ቤተሰቦችን ሁላችንም እናያለን። ፈንዱ ምን ያህል ሲጠነክር፣ በየትኛው ዓመት፣ ለየትኛው ዕድሜ ወይም ደረጃ ሕመምተኛ መሸፈን ሊጀምር እንደሚችል አጥንታችሁ ይፋ ብታደርጉ፣ ጤነኛው ወጣት መዋጮውን የሚከፍልበትን ምክንያት ከማንኛውም ቅስቀሳ በተሻለ ያየዋል።

ለመነሻ ያህል አሁን ሕግ ሳይጠብቅ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። እያንዳንዱ የመድን ጽሕፈት ቤት ለየትኛው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ምን ያህል ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት፣ ዕዳው ከየትኛው ሩብ ዓመት ጀምሮ እንደተጠራቀመ፣ እያንዳንዱ ተቋምም ለመድኃኒት አቅራቢው ምን ያህል እንደሚቀርበት የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጅታችሁ እስከ ቀጣዩ የምዝገባ ወቅት ድረስ ለሕዝብ እንድትገልጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቋሚ ኮሚቴውም ዝርዝሩን ከመሥሪያ ቤቶቹ በግልጽ ስብሰባ እንዲቀበል፣ ስብሰባውም ጤና ተቋማት፣ የግል መድኃኒት ቤቶች፣ የሠራተኛና የአሠሪ ማኅበራት እንዲሁም የገጠር መድን አባላት በተገኙበት እንዲካሄድ አሳስባለሁ። ከተጠራሁ እኔም መዝገቤን ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ ፋርማሲስትና አነስተኛ አሠሪ